ለሦስተኛ ጊዜ እንደ አዲስ እየጻፍኩት ያለውን ፕሮጀክት ልግፋበት ወይስ ወደ አሮጌው ልመለስ?

አራት ነጥብ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የዌብ ፕሮግራመር ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ቀን ቀን የመስሪያ ቤቴን ስራ ነው የምሰራው። ጠዋት ስታንድአፕ (አጭር የቡድን ስብሰባ)፣ ቀጥሎ ቲኬት (የተመደበልኝ ስራ)፣ ቀጥሎ ስብሰባ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠዋት የጀመርኩት ያው ቲኬት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን የወሰደብኝ አንድ የቀን መምረጫ ሳጥን ነው። ሰው 12ን ይመርጣል፣ ዳታቤዝ ውስጥ 11 ሆኖ ይገባል። ብራውዘሩ የተመረጠውን ቀን በሰውየው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ይጀምረዋል። ከዚያ ወደ ዩቲሲ (የዓለም የጋራ ሰዓት) ሲለውጠው፣ ከዩቲሲ በስተምስራቅ ላለ ሰው ቀኑ ወደ ትናንት ይመለሳል። ቀኑን ከነሰዓቱ መላኩን ትቼ እንደ ተራ ጽሑፍ ስልከው ተስተካከለ። ሁለት ቀን ተሰርቶ የተለወጠው አንድ መስመር ነው። ቅር አላለኝም። እንዲህ ያለ ባግ ሲገኝ ደስ ይለኛል። ግን ስራው የኔ አይደለም።

ማታው ግን የኔ ነው። ልጄ ከተኛች በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አለኝ። ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ላፕቶፔን እከፍታለሁ፣ ማንም ቲኬት አይልክልኝም። ይህን ጊዜ በጣም ነው የምወደው። የምጠይቃችሁም ስለሱ ነው።

አባቴ አባል የሆነበት አንድ የንባብ ክበብ አለ። 14 ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተዋል። እርስ በርስ መጽሐፍ ይዋዋሳሉ። አሁን 340 ገደማ መጽሐፍ ደርሷል። ማን ምን እንደወሰደ የሚመዘግቡት አንድ የቀድሞ መምህር ናቸው። ሁላችንም «መምህር» ነው የምንላቸው። ድሮ በደብተር ነበር የሚይዙት። ደብተሩን አይቼዋለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ በማስመሪያ የተሰመረ ሦስት ዓምድ አለው፦ መጽሐፍ፣ ተዋሽ፣ ቀን። መጽሐፉ ሲመለስ የተዋሹን ስም አይሰርዙትም። ከጎኑ ትንሽ ራይት ያደርጉበታል።

ከሦስት ዓመት በፊት ይህን ደብተር ወደ ዌብ አመጣሁላቸው። በሁለት ማታ ነው የሰራሁት። አንድ የፒኤችፒ ፋይል፣ 400 መስመር አካባቢ፣ ከስሩ ኤስኪውላይት የሚባለው በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ። መልኩ አያምርም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይቋረጥ ይሰራል።

አንድ ዓመት ቆይቼ ኮዱን ስከፍተው አላስደሰተኝም። ኤችቲኤምኤሉና የዳታቤዝ ጥያቄው አንድ ላይ ተደባልቋል። ስለዚህ በሪአክት እንደ አዲስ ጀመርኩት። ሎጊኑ ላይ ስደርስ ቆመ። አሁን ደግሞ ሦስተኛው ላይ ነኝ፤ በታይፕስክሪፕት፣ በአዲስ ፍሬምወርክ። አራት ወር ሆነው። 61 ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) አለው። ከኔ በቀር ያየው ሰው የለም።

ባለቤቴ ማታ ማታ «ዛሬስ ምን ጨመርሽለት?» ይለኛል፤ ነገሩ ከልቡ ስለሚስበው ነው የሚጠይቀው። ባለፈው ሐሙስ የምመልስለት አጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ ፎልደር ከፎልደር ሳዘዋውር ነው ያለፈው። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አራት ወር የለፋሁበትን ብራንች (ለብቻው የያዝኩትን አዲሱን ኮድ) ጥዬ ወደ አሮጌው ፋይል ልመለስ? ወይስ ጥርሴን ነክሼ ልጨርሰው? እናንተስ ያቺን የማታ ጊዜ እንዴት ነው የምትይዟት?

ነጠላ ሰረዝ፦

እህቴ፣ ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አሮጌው ምን አቃተው? ኮዱ አያምርም ያልሽውን ተረድቻለሁ። እኔ የምጠይቅሽ መምህር ሊሰሩበት ፈልገው ያቃታቸውን ነው። ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድም አልጠቀስሽም።

ይህን የምጠይቅሽ ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ቦታ ስሰራ የሒሳብ ክፍሉ የሚጠቀምበትን አሮጌ ሲስተም እንደ አዲስ እንድንጽፍ ተወሰነ። ሰባት ወር ፈጀ። ሥራ በጀመረበት ቀን ማለዳ የሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለች። የክፍያው ቀን እሑድ ሲውል ወደ ሰኞ የሚያሻግረው የት ሄደ አለችኝ። አሮጌው ኮድ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ አንድ መስመር ነበር። ማብራሪያ አልነበረውም። ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ዘልዬው ነበር። ለካ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ደውሎ ለምኖ ያስገባው መስመር ነው። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ኮድ ውስጥ የማይገባኝ መስመር ሳይ፣ ከኋላው የደወለ ሰው አለ ብዬ ነው የማነበው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ከዚህ አላመለጡም። ኔትስኬፕ የተባለው ብራውዘር ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1997 የብራውዘሩን ቅጂ 4 አወጣ። ከዚያ ብራውዘሩን እንደ አዲስ መጻፍ ያዙ። ቅጂ 5 ሳይወጣ ቀረ። ቅጂ 6 የወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ነው። በመሃል ሰዉ ወደ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሄዶ አልቋል። እነሱ ሙሉ ቀን የሚሰሩ ብዙ ፕሮግራመሮች ነበሯቸው። ያንቺ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

ለመምህር ደውዪላቸውና ጠይቂ። መልሱን ይዘሽ ተመለሺ።

ባዶ ገጽ፦

ከነጠላ ሰረዝ ጋር በግማሹ ነው የምስማማው።

አራት ወሩ ባክኗል እንዳትዪ። ማንም ያላየው ኮድ ሰው ያስተምራል። እኔ ማታ ማታ ለሁለት ሰው የሚሆን የቼዝ ገጽ እየሰራሁ ዌብሶኬትን (ገጹና ሰርቨሩ ሳይቋረጡ የሚነጋገሩበትን መንገድ) ተማርኩ። ግንኙነት ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ፣ አንዱ ተጫዋች ገጹን ሲዘጋ ሌላኛው ምን ማየት እንዳለበት፣ ሁሉንም እዚያ ነው ያወቅኩት። ገጹ ላይ ከኔና ከወንድሜ በቀር የተጫወተ የለም። አሁን የምሰራበት ቦታ ሲቀጥሩኝ ግን ግማሹን ሰዓት የተነጋገርነው ስለሱ ነው።

ያንቺ ችግር የመሰለኝ መማሪያውንና መገልገያውን አንድ ላይ ማሰርሽ ነው። ታይፕስክሪፕት መማር ከፈለግሽ ተማሪ፣ ግን የ14 ሰው መዝገብ እስክትማሪ አይጠብቅሽ። ሁለቱን ለያያቸው።

ደግሞ አንድ የፒኤችፒ ፋይል ብቻ ነው ብለሽ አትሸማቀቂ። ራስመስ ለርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1994 ፒኤችፒን ሲጀምረው የግል ገጹ ላይ ያደረገውን የስራ ታሪኩን ማን እንዳየው ለመከታተል ነበር። ያንቺም ያው ዓይነት ስራ ነው፤ ማን ምን እንደወሰደ መከታተል።

ስለማታው ጊዜ የጠየቅሽውን እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ላፕቶፑን ከመዝጋቴ በፊት ነገ የምነካውን ፋይልና የማደርገውን አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ «ነገ፦» ብዬ። በማግስቱ ስከፍተው የት ነበርኩ ብዬ ሃያ ደቂቃ አልፈልግም። አንድ ሰዓት ተኩል ላለው ሰው ሃያ ደቂቃ ብዙ ነው።

አራት ነጥብ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ደወልኩላቸው።

መምህር ስልክ ላይ ቸኩለው አያወሩም። «ቆይ፣ ደብተሬን ላምጣ» ብለው ሄዱ። ዌብሳይቱን እየተጠቀሙም ደብተሩን እስካሁን አልተዉትም። ከዚያ ሦስት ነገር ነገሩኝ። ሦስቱንም ደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፈዋቸው ነበር የቆዩት።

አንደኛው ፍለጋው ነው። «ፀሐይ ብዬ ስጽፍ መጽሐፉን አያመጣልኝም። መኖሩን ግን አውቃለሁ» አሉኝ። ገብቼ አየሁት። ከአባላቱ አንዱ ሲያስገቡት «ጸሀይ» ብለው ነው የጻፉት።

ሁለተኛው፣ በስልክ ሲከፍቱት «ተመልሷል» የሚለውና «ሰርዝ» የሚለው በተን ተጣብቀው ነው የሚታዩት። ሁለት ጊዜ ተሳስተው መጽሐፍ ሰርዘዋል። ከደብተራቸው እያዩ መልሰው አስገብተውታል፤ ለኔ ሳይነግሩኝ። ጣታቸው እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ፣ ግን በተኑን ሳስቀምጥ አላሰብኩትም።

ሦስተኛው፣ ዝርዝሩን በወረቀት አትመው ስብሰባ ላይ ሊይዙት ይፈልጋሉ።

ከሦስቱ አንዱም አራት ወር የደከምኩበት ብራንች ውስጥ የለም። አንዱም! የጨለማ ገጽታ መቀየሪያ ግን አለው።

ከዚህ ይልቅ የረበሸኝን ልንገራችሁ። እግረ መንገዴን የተዋሹን ስም ለምን እንደማይሰርዙት ጠየቅኋቸው። «ማን እንዳነበበው ካላወቅሽ ስለመጽሐፉ ከማን ጋር ትነጋገሪያለሽ?» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ የአዲሱን ዳታቤዝ አወቃቀር ከፈትኩ። መጽሐፉ ላይ «ተዋሽ» የሚል አንድ ቦታ ብቻ ነው ያደረግኩለት። መጽሐፉ ሲመለስ ስሙ ይጠፋል። አሮጌው ግን እያንዳንዱን ውሰት በራሱ መስመር ያስቀምጣል፤ የሦስት ዓመቱ ሁሉ አለ። ያን ጊዜ ደብተሩን ከፊቴ ዘርግቼ ስለነበር የጻፍኩት እንደ ደብተሩ ነው የሰራሁት። በሦስተኛው ጊዜ ደብተሩን አላየሁትም።

ስለዚህ ወደ አሮጌው እመለሳለሁ፤ ወስኛለሁ። የቀረኝ የፍለጋው ጉዳይ ነው። አንድ አንዱን ቃል እየለቀምኩ ማስተካከል አልፈልግም። ፊደል ላይ የሰራ ሰው አለ?

ፊደል ቆጣሪ፦

አለሁ። ይህ ነገር ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ደስ እያለኝ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚሰፋ እዪው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ድምፁን ሳትለውጪ በስንት መንገድ መጻፍ ይቻላል? መነሻው ፀ ወይ ጸ ነው፣ ሁለት። መሃሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፣ ስድስት። ሁለት በስድስት አሥራ ሁለት። ለአንድ ባለ ሦስት ፊደል ቃል! «ዓለም» ደግሞ በአ፣ በኣ፣ በዐ፣ በዓ አራት ነው። የሰውን አጻጻፍ በማረም አትወጪውም።

ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት) ላይ አጻጻፍን አንድ የሚያደርገው፣ ኖርማላይዜሽን የሚሉት ዝግጁ ነገር እዚህ አይረዳሽም። ለሱ ሀ እና ሐ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ልክም ነው፣ ናቸውና። አንድ የሚሆኑት ስንናገራቸው ነው።

የማደርገው እንዲህ ነው። ዳታቤዙ ላይ ከመጽሐፉ ርዕስ ሌላ ሁለተኛ ዓምድ ጨምሪ፣ «መፈለጊያ» በዪው። ርዕሱን አትንኪው፤ ሰው የጻፈው እንደጻፈው ይታይ። መፈለጊያው ውስጥ ግን ተመሳሳይ ድምፆችን ሁሉ ወደ አንድ ፊደል ሰብስበሽ አስገቢ። ሰው የሚፈልገውን ቃል ሲጽፍም በዚያው ፈንክሽን አሳልፊውና ከመፈለጊያው ጋር አነጻጽሪ።

መሰብሰቡ ቀላል ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በቅጂ 3.0 ነው። የተደረደረውም በቤት በቤቱ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ተከታትሎ ነው። ስለዚህ ሰባቱን ቅርጽ አንድ በአንድ መዘርዘር አያስፈልግሽም፤ የፊደሉን ቁጥር መግፋት ይበቃል። ከሐ ቤት 16 ቀንሺ፣ ሀ ቤት ይሆናል። ከኀ ቤት 128 ቀንሺ፣ እሱም ሀ ቤት ይገባል። ሠ ቤት ላይ 16 ደምሪ፣ ሰ ይሆናል። ከዐ ቤት 48 ቀንሺ፣ አ ይሆናል። ከፀ ቤት 8 ቀንሺ፣ ጸ ይሆናል። ሥ ስ ይሆናል፣ ሦ ሶ ይሆናል፣ ሁሉም በየቦታው ይገባል። መጀመሪያ ሳየው ተነሥቼ ክፍሉን ዞርኩ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ ቁጥሩን የምትገፊው ሰባቱን ብቻ ነው። ሗ ላይ 16 ብትቀንሺ ሌላ ድምፅ ያለው ፊደል ላይ ይጥልሻል። ሁለተኛ፣ ከገፋሽ በኋላ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሺ፤ አለዚያ ግዕዙና ራብዑ ተለያይተው ይቀራሉ። ሁለት ነጥብን በክፍት ቦታ መተካትም አትርሺ። በዕድሜ ከገፉት አባላት አንዳንዶቹ አሁንም ቃልን በሁለት ነጥብ ነው የሚለዩት።

ነጠላ ሰረዝ፦

የፊደል ቆጣሪን ለራሴም ገልብጬ አስቀምጫለሁ።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዓምዱን ከመጨመርሽ በፊት ባክአፕ ያዢ። የኤስኪውላይትን ፋይል ሰው እየጻፈበት እያለ ዝም ብለሽ ኮፒ አታድርጊው፤ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊቀዳ ይችላል። የራሱ የባክአፕ ትእዛዝ አለው፣ እሱን ተጠቀሚ። ከዚያ ባክአፑን ሌላ ቦታ ላይ ክፈቺውና መስመሮቹን ቁጠሪ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለኝ አይባልም።

አራት ነጥብ፦

ስለባክአፑ ያልከው ልቤን ነካው። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለተኛውን ስጀምር ዳታቤዙ ላይ አንድ አፕዴት ሰራሁና የትኛው መስመር እንደሚለወጥ የሚወስነውን «ዌር» የሚለውን ቃል ረሳሁ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ በወቅቱ የነበሩት መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ሰው ስም ተመዘገቡ። ያን ዕለት ባክአፕ አልነበረኝም። ያዳነኝ የመምህር ደብተር ነው። እሳቸው እያነበቡልኝ፣ እኔ እያስገባሁ፣ ሁለት ማታ ፈጀብን። አንዴም አልተቆጡኝም።

አሁን ዘጠኝ ቀን ሆኖኛል። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ባክአፕ ያዝኩ፣ ከፈትኩት፣ ቆጠርኩት። ቀጥሎ በተኖቹን አራቅኳቸው። «ሰርዝ» አሁን ሌላ ገጽ ላይ ነው፤ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ የመጽሐፉን ስም በትልቁ ያሳያል። ለማተሚያው ሌላ ገጽ መስራት አላስፈለገኝም፤ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ላይ ለወረቀት የሚሆን ጥቂት መስመር ጨምሬ በተኖቹንና ሜኑውን ደበቅኳቸው፣ ሠንጠረዡ ብቻውን ቀረ። ፍለጋውን ሳበቃ በሁሉም ላይ የጨመርኩትን ቆጠርኩት። 70 መስመር አይሞላም።

ፊደል ቆጣሪ፣ መፈለጊያውን ዓምድ ሞልቼ ሳበቃ እንዲሁ ለማየት ያህል ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ እንዲሰበስብልኝ ጠየቅኩት። ስድስት መጽሐፍ ሁለት ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ተገኘ፣ በተለያየ ፊደል። አንዱ ከአንድ ዓመት በላይ «አልተመለሰም» እየተባለ ሲፈለግ የነበረ ነው። የመመለሱን ነገር የመዘገቡት በሌላኛው አጻጻፍ ላይ ነው። ወስደዋል የተባሉት ሴትዮ መልሻለሁ ሲሉ ነበር የከረሙት። መምህር ያንኑ ቀን ደውለው ይቅርታ ጠየቋቸው።

ከዚያ መምህር ለኔ ደወሉ። ፍለጋው መስራቱን አይደለም መጀመሪያ ያነሱት። «ለመሆኑ የትኛውን አጻጻፍ ነው ያስቀረሽው?» አሉኝ። መጽሐፉ ሽፋን ላይ እንዳለው አልኳቸው። «ደግ አደረግሽ» አሉኝ። ከዚያ «ጸሀይ»ንም «ፀሐይ»ንም እየጻፉ፣ ሁለቱንም ጊዜ የመጣውን ጮክ ብለው አነበቡልኝ።

ባዶ ገጽ፣ ብራንቹን አልሰረዝኩትም። ስሙን ለውጬ «መለማመጃ» አልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት እከፍተዋለሁ። እዚያ ውስጥ ከታይፕስክሪፕት የተማርኩትን መስሪያ ቤት ውስጥ በዚሁ ሳምንት ተጠቅሜበታለሁ፤ ያልከው ትክክል ነበር።

ባለቤቴ ትናንት ማታ «ምን ጨመርሽለት?» ሲለኝ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አሳየሁት። መምህር አሁን የጠየቁኝ ደግሞ የመጽሐፉ ርዕስ ሲነካ ያነበቡት ሰዎች ስም እንዲወጣላቸው ነው። መረጃው እኮ አለ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጧል። ማሳየት ብቻ ነው የቀረው። ዛሬ ላፕቶፑን ስዘጋ የጻፍኩት፦ «ነገ፦ የውሰቱ ሠንጠረዥ፣ በመጽሐፍ ሰብስብ፣ የመጨረሻው አንባቢ ከላይ ይሁን።»